አጎቴ የቀቡት አንቴና

ቤታችን ከላይ ቆርቆሮ ነው፤ በአራቱም ጎን ቆርቆሮ ነው። በዚህ የወደብ ከተማ፣ በሰፈራችን በካርቲየ 7 ቢስ፣ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አይደለም። አያቴ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥተው ሲሠሩት እንጨት አቁመው ቆርቆሮ መቱበት። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ሁለት ጊዜ፣ ጣሪያው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ የተቀየረው ግን በሌላ ቆርቆሮ ነው። ሰው ስለ ሙቀቱ ያማርራል። እኔ ስለ ሙቀቱ ማማረር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ቆርቆሮ የስልክ ሲግናል አያሳልፍም። ደጃፉ ላይ ስትቆም ሁለት መስመር፣ መንገዱ ጥግ ካለው ሱቅ ስትደርስ ሦስት መስመር፣ አልጋህ ላይ ስትቀመጥ ምንም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ የተቀበለውም ይመስላል። "ኔት የለም" ይሉና ስልካቸውን ይዘው ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ በቃ።

እህቴ ግን ወደ ውጭ መውጣት አትችልም ነበር።

በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ ባሕሩን ከሚያዩት ቪላዎች በአንዱ፣ ቤት ታጸዳለች፤ ሁለት ልጆችም ትጠብቃለች። ስድስት ዓመት ሠርታለች። የምትፈልገው አዋላጅ ነርስ መሆን ነው። ይህ ድንገት የመጣ ምኞት አይደለም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች ጎረቤታችን መኪና እስኪገኝላት ድረስ እኛ ቤት ወለል ላይ ወለደች፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሴትዮዋን እጅ ይዛ የቆየችው እህቴ ነበረች። እኔን ወደ ውጭ አስወጥተውኝ ነበር። ግን ቆርቆሮ ድምፅ ያሳልፋልና ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ድሬዳዋ ያለ አንድ የጤና ኮሌጅ ማመልከቻዋን ተቀበለና ከኢትዮጵያ ውጭ ላሉ አመልካቾች የቃል ፈተናው በቪዲዮ እንደሚሰጥ ጻፈላት። ሕጉ አጭር ነበር፤ ሃያ ደቂቃ፣ ብቻዋን፣ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ካሜራው እንደበራ። መንገዱ ጥግ ላይ ቆሞ መፈተን የለም። ኢንተርኔት ቤት በሰው መሀል መቀመጥም የለም።

የምትሠራበት ቪላ ውስጥ ኢንተርኔቱ እንደ ውሃ ይፈሳል። እህቴ አሠሪዋን ለግማሽ ሰዓት አንድ ክፍል እንድትፈቅድላት ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ በትሕትና ነው የመለሰችላት። የይለፍ ቃሉ ለቤተሰብ ብቻ ነው፣ የቤቱ ደንብ ነው አለቻት። እህቴ ይህን ስትነግረኝ አልተናደደችም። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በየቀኑ አቧራውን የምትጠርገው ራውተር ነው። አረንጓዴ መብራቱ በጨርቋ ሥር ብልጭ ድርግም እያለ ትወለውለዋለች፤ ሃያ ደቂቃ ግን አይፈቀድላትም።

ስለዚህ ፈተናው እኛ ቤት ሆነ። አጎቴም መላ አለኝ አሉ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በአሮጌው ባቡር ወርክሾፕ ወጣትነታቸውን ጨርሰው ወርክሾፑ ሲዘጋ ወደ እኛ ቤት የገቡ ሰው ናቸው። በሕይወታቸው አንድ ጠላት አላቸው፤ ዝገት። የባሕሩ አየር ጨው ነው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይበላል፤ አጎቴም ይህን እንደ ግል ስድብ ነው የሚያዩት። በየዓመቱ ሙቀቱ ሊገባ ሲል አንድ ጣሳ ብርማ ቀለም ይገዛሉ፣ አሮጌ ባርኔጣቸውን ይደፋሉ፣ ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። ጣሪያውን፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የውሃ በርሜሉን ክዳን፣ የልብስ ማስጫውን ቋሚ፣ ሁሉንም ይቀባሉ። አንድ ዓመት የእናቴን የስፌት መኪና እግር ቀብተውት አሥር ቀን ተኮራርፈዋል።

መላቸው ዲሽ የሚተክለው ሰውዬ ነበር። የሰፈሩን ዲሽ ሁሉ የተከለ እሱ ነው፤ ሰው ያከብረዋል። መጣና የዓሣ አጥንት የሚመስል አንቴና በዲሻችን ምሰሶ ላይ አሠረ፤ አፉንም ልክ ዲሹ ወደሚያይበት መለሰው። የአማርኛ ቻናሎች የሚመጡበት ዲሽ እዚህ አገር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሆኖ አናቱን ወደ ሰማይ ያቀናል፤ ሊጋደም ትንሽ ነው የቀረው። አንቴናውም አብሮ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ከዚያ ሃያ ሜትር የቴሌቪዥን ገመድ ዘረጋ፤ የተረፈውን ጠቅልሎ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀለው።

የስልኩ ማማ መሬት ላይ ነው የቆመው አልኩት፤ ቀስ ብዬ።

"አቦ፣ ከላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ በዚህ በኩል ነው የሚመጣው" አለኝ። "ቻናሉም፣ ኔቱም።"

"ኢንጂነሩ ተናገረ!" አሉ አጎቴ፤ ሁለቱም ሳቁ። ክፋት የለውም፤ የወዳጅ ሳቅ ነው። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት ልማዴ ነው፤ ሰው ጨዋነት ይለዋል። ያን ቀን ግን ጨዋነት አልነበረም። የማውቀውን ነገር ይዤ መቀመጥ ነበር።

ሰውዬው ገመዱን በስልክ ካርድ በሚሠራው ራውተራችን ላይ ሰክቶ ከሄደ በኋላ ለካሁ። የኢንተርኔት ራውተር የራሱ ገጽ አለው፤ እዚያ ገጽ ላይ የሲግናሉ ጥንካሬ በቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ የመቀነስ ምልክቱን ከተውነው፣ ባነሰ መጠን ሲግናሉ ይሻላል ማለት ነው። መቶ ካለፈ ቪዲዮ አይታሰብ፤ ሰማንያዎቹ ውስጥ ከገባ ጥሩ ነው። አንቴናው ሳይተከል ቤት ውስጥ 113 ነበር። ከተተከለ በኋላ 115 ሆነ። አንቴናው ካለመኖሩ የባሰ ነበር። ለእናቴ ነገርኳት፤ የሰው ልፋት አታጣጥል አለችኝ። ለአጎቴ አልነገርኳቸውም።

ፈተናው አራት ደቂቃ ቆየ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። እህቴ ስሟን ተናገረች፣ የት እንደምትኖር ተናገረች፣ ከዚያ "ይሰማል? ይሰማል?" ማለት ጀመረች። በሩን ስከፍት የራሷ ፊት ስክሪኑ ላይ አፉን ከፍቶ ደርቆ ቀርቷል፤ እሷም ታየዋለች። ነጭ ሸሚዟን ለዚያ ቀን ተኩሳው ነበር። አላለቀሰችም፤ ሸሚዙን አውልቃ አጣጥፋ አስቀመጠችውና ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ለግማሽ ቀን ብቻ ነበር የተፈቀደላት።

ኮሌጁ ከሦስት ቀን በኋላ ጻፈ። በግንኙነት ችግር ምክንያት አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ትፈተናለች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ሌላ ዕድል አይኖርም።

ዲሽ የሚተክለውን ሰውዬ መልሶ መጥራት ይሻል እንደሆነ አጎቴ ጠየቁ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ "እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። አጎቴ ትከሻቸውን ሰበቁ።

ወረቀት የለኝም። ትምህርቴን ሁለተኛ ደረጃ ሳልጨርስ ነው ያቆምኩት። ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ባለ አንድ መጋዘን ካርቶን እየቆጠርኩ፣ ኮድ እያነበብኩ እውላለሁ። የተማርኩትን የተማርኩት በምሳ ሰዓት፣ በፈረንሳይኛ የተጻፉ መመሪያዎችን በመዝገበ ቃላት እያነበብኩ ነው። ያ ሦስት ሳምንት ግን ካርቶኑም መመሪያ መሰለኝ። ከመጋዘናችን አጠገብ የነበረ የሠራተኞች ካምፕ ፈርሶ ዕቃው ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አንድ የውጭ አንቴና አገኘሁ። ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ ስፋቱ የሻይ ትሪ ያህል፣ ውፍረቱ ሁለት ጣት። ከጀርባው ሁለት ገመድ ይወጣል፤ እያንዳንዱ አምስት ሜትር ብቻ ነው፣ እንደ እርሳስ የወፈረ። የቴሌቪዥን ገመድ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በረዘመ ቁጥርም ያገኘኸው ሲግናል መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ገመዱን ከማስረዘም ራውተሩን ወደ መስኮቱ አዛወርኩት።

ቀጥሎ አቅጣጫ ነው። ከሥራ መልስ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ጣሪያው ላይ ነበርኩ። የስልክ ኮምፓስ ቆርቆሮ ላይ ይዋሻል፤ አንድ እርምጃ ስትራመድ ሰሜን ቦታ ይለውጣል። ስለዚህ በዓይን የሚታይ ምልክት ያዝኩ፤ የመስጊዱ ሚናራ፣ የትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር፣ የወደቡ ክሬኖች። አንቴናውን ትንሽ አዞራለሁ፣ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ እንደገና አዞራለሁ። ሰው ሁሉ በጣቱ የሚያሳየው ቅርቡ ማማ 98 ሰጠኝ፤ ከፊቱ አዲስ ባለ አራት ፎቅ ተገትሯል። ከወደቡ በኩል ያለው ሩቁ ማማ፣ ከሚናራው በስተቀኝ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ላይ፣ 82 ሰጠኝ። ወደ ግራ ትንሽ ሲል 87፣ ወደ ቀኝ ትንሽ ሲል 90። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሦስት ገጽ ሞላሁ። የፊተኛውን አንቴና ከምሰሶው አውርጄ አዲሱን በቦታው፣ 82 ላይ፣ አጥብቄ አሠርኩት።

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በእህቴ የዕረፍት ቀን፣ ከመጋዘኑ በቪዲዮ ደወልኩላት። በሩን ዘግታ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ ተቀምጣለች።

"ታየኛለህ?"

ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሚስማር፣ ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን የእናቴን ነጠላ፣ የነጠላውን ጥለት ሳይቀር አየሁ። ሃያ ሦስት ደቂቃ አወራን። አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ከካርቶኖቹ ጀርባ ተቀምጬ ደስታዬን ለማንም አልነገርኩም።

ስሕተቴም እዚህ ላይ ነው። ለማንም አልነገርኩም። ያ ነጭ ነገር ምን እንደሆነ፣ ለምን እዚያ እንደቆመ፣ ምን ሊነካው እንደማይገባ ለቤተሰቡ አላስረዳሁም። ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ስለሳቁብኝ ቂም ይዤ ነበር። አውቀው ይጠይቁኝ ብዬ ነው የጠበቅኩት።

በፈተናው ዋዜማ፣ ረቡዕ፣ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ቀለም ቀለም ይሸታል። የአጎቴ ባርኔጣ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እሳቸው ተኝተዋል። በየዓመቱ ያለ ሽታ ስለሆነ ልብ አላልኩትም። እህቴ መልሶቿን ለራሷ እያጉተመተመች ስለነበር ራውተሩንም አልነካሁም፤ እንድትረጋጋ ብዬ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብዬ ገጹን ከፈትኩ። 109።

ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። 109። ገመዶቹን ነቅዬ ሰካሁ። 110። ማማው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ስልኬን ይዤ ደጅ ወጣሁ፤ ደጅ እንደ ወትሮው ነው። መሰላሉን አቁሜ ወጣሁ።

ጣሪያው በጠዋቷ ፀሐይ ዓይን ይወጋል። ከዳር እስከ ዳር ብር ነው። መሀሉ ላይ አንቴናዬ ቆሟል፤ እሱም ብር ሆኗል። ፊቱ፣ ጀርባው፣ ምሰሶው፣ ገመዶቹ ከሥራቸው አንድ ክንድ ያህል፣ ብሎኖቹ ሳይቀሩ። አንድም የተዘለለ ቦታ የለም። አጎቴ ሥራ አይዘሉም።

ያ ቀለም ብርማ የሆነው በውስጡ የአሉሚኒየም ብናኝ ስላለ ነው። ከቆርቆሮው ሳጥን ለማውጣት ሁለት ሳምንት የደከምኩበትን ነገር አጎቴ በአንድ ከሰዓት መልሰው ብረት አለበሱት።

እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም፤ እናቴ እስከ ዛሬ የምታስታውሰው ግን እሱን ነው። አጎቴ በመሰላሉ ወጡ፤ እናቴና እህቴ ከታች ቆመው ወደ ላይ ያያሉ።

"ማነው ይሄን ቅባ ያለህ?" አልኳቸው።

አጎቴን በሕይወቴ "አንተ" ብያቸው አላውቅም። እናቴ ከታች እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሳቸው ግን እንዳልሰሙ አለፉት።

"ባዶውን ነበር ያቆምከው" አሉ። "በዚህ ጨው ሦስት ወር አይቆይም። ለእህትህ ነገር ነው ብዬ ሁለት እጅ ቀባሁት።"

"ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ አይዝግም።"

"ብሎኑስ?"

ብሎኖቹ በእርግጥ ዝገት ጀምሯቸው ነበር። አውቅ ነበር፤ ደብተሬ ላይም ጽፌዋለሁ። ይህም አናደደኝ።

ቀለሙ ውስጥ ያለው ብረት ሲግናሉን እንደዘጋው፣ ቁጥሩ ከ82 ወደ 109 እንደወጣ፣ ፈተናው ሊጀምር ሦስት ሰዓት እንኳ እንዳልቀረው በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። አጎቴ አንቴናውን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ፤ ከዚያ ከታች ያለችውን እህቴን አዩ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁት።

"ለምን አልነገርከኝም?" አሉኝ።

"አንድ ቀን ጠይቀውኝ ያውቃሉ?"

ከታች እህቴ ተናገረች፤ ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር።

"ስትጨርሱ ንገሩኝ፤ ልብሴን ልልበስ።"

አጎቴ ቤንዚን እናምጣና እንጠበው አሉ። ቤንዚን ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፣ ቀለሙም ወደ ውስጥ ይገባል አልኳቸው። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ የፊቱን ክዳን አውልቆ መጣል። ሲግናሉን የሚቀበለው በውስጡ ያለው የመዳብ ሳህን እንጂ ክዳኑ አይደለም፤ ክዳኑ ልብስ ነው። ክዳኑ በስድስት ብሎን ተይዟል። የመጀመሪያው ወጣ። ሁለተኛው አናቱ በቀለም ተሞልቶ መፍቻው ይንሸራተትብኛል፤ ሦስት ጊዜ ስሞክር አናቱ ተበላ።

"ስጠኝ" አሉ አጎቴ።

ከኪሳቸው ሚስማር አውጥተው የብሎኑን አናት ከቀለም ጠረጉ። መፍቻውን አቁመው በትንሽ መዶሻ አንድ ጊዜ መቱት፤ ጠንከር ያለ፣ አጭር ምት። ከዚያ መጀመሪያ ወደሚጠብቅበት ገፋ አደረጉት፤ ቀጥለው ወደሚፈታበት። ብሎኑ ሲጥ ብሎ ዞረ። የቀሩትን አራቱንም እንዲሁ አወጡ፤ አንድ እንኳ አልተበላሸም። ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ ንጹሕ ነበር፤ ሁለት የመዳብ ሳህን፣ ቀይ፣ አንድ ጠብታ ቀለም ያልነካቸው። እህቴን ቁጥሩን አንብቢልኝ አልኳት።

"ሰማንያ ሦስት" ብላ ከውስጥ ጮኸች።

ነፋሱ ግን ጀምሮ ነበር። የሙቀቱ ወራት መግቢያ ላይ ከበረሃው የሚመጣው ነፋስ አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሳህኖቹም ስስ ናቸው፤ ሲመታቸው ይርገበገባሉ። ቁጥሩ 83፣ 91፣ 85፣ 96 እያለ መዝለል ጀመረ። ክዳን ያስፈልጋል፤ ብረት ያልሆነ። ወደ ታች ስመለከት የእናቴ ሰማያዊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

"አዲሱን?" አለች እናቴ።

አዲሱን ሰጠችን። አጎቴ ሽቦ ይዘው መጡ፤ ሊያስሩት ሲሉ እጃቸው ቆመና ወደ እኔ ዞሩ።

"ሽቦ ይሆናል?"

"አይሆንም።"

"ገመድስ?"

"ገመድ ይሆናል።"

ሳፋውን በገመድ አሠርነው። 84። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ነፋሱ ግን ሳፋውን እየሞላ ምሰሶውን ይወዘውዘው ነበር፤ ስለዚህ በአንድ ወገን እኔ፣ በሌላው አጎቴ ምሰሶውን ይዘን ተቀመጥን። መቀመጫችን ገና ያልደረቀ ቀለም ነው። አራት ሰዓት ላይ ጣሪያው እንደ ምድጃ ግሎ ነበር። ተነስቶ መቆም አይቻልም፤ ከቆምን ቆርቆሮው ይጮኻል፤ ከተቀመጥን ይፈጀናል። ተቀመጥን።

ከበታችን የእህቴ ድምፅ ይሰማናል። ፈታኞቹ ምን እንዳሏት አይሰማም፤ የሷ መልስ ብቻ ነው የሚወጣው። ስሟን ተናገረች። የት እንደምትኖር ተናገረች። ከዚያ አራተኛው ደቂቃ አለፈ፤ ሰዓቴን አይ ነበር። አጎቴም ሰዓቴን ያያሉ። ስለ ደም መፍሰስ ጠይቀዋት መሆን አለበት፤ ያጠናችውን መለሰች፤ አንድ ቦታ ተሳስታ ራሷን አረመች። ከዚያ ረዘም ያለ ዝምታ ሆነ፤ ተቋረጠ ብዬ ደመደምኩ። አልተቋረጠም። እያሰበች ነበር።

"የመጀመሪያዋን ወላጅ ያየኋት እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው" አለች። "አሁን የተቀመጥኩበት ወለል ላይ። መኪና አልነበረም። ያኔ የማውቀው እጅ መያዝ ብቻ ነበር። ሌላውን ማወቅ ስለምፈልግ ነው ያመለከትኩት።"

አጎቴ ባርኔጣቸውን ወደ ዓይናቸው ዝቅ አደረጉት።

ፈተናው ሃያ አራት ደቂቃ ፈጀ። በሩ ተከፍቶ ስንወርድ ሱሪያችን ጣሪያው ላይ ተጣብቆ ነበር፤ የሁለታችንም መቀመጫ ብር ሆኗል። እህቴ አይታን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች፤ ሁለት የሚያብረቀርቁ ሽማግሌዎች አለችን። እናቴ ግን አልሳቀችም። አጎቴን "አንተ" ስላልኳቸው ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ኮሌጁ ተቀበላት። ነጋድ ከሚባለው ጣቢያ በአዲሱ ባቡር ስትሄድ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ ነበር። አሁን በየሳምንቱ በቪዲዮ ትደውላለች፤ እናቴ በሩን ዘግታ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታወራታለች።

ደስ ብሎኛል። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም፤ አስመስዬም አልጽፍም። የአንዲት ሴት ዕድል በአንድ ስንዝር አቅጣጫ፣ በስድስት ብሎንና በአንድ ሳፋ ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም። የቪላውን ራውተር አቧራ አሁን ሌላ ልጅ ትጠርገዋለች፤ እሷም የይለፍ ቃሉን አታውቅም። ዲሽ የሚተክለው ሰውዬ ደግሞ ሳፋችንን ከመንገድ አይቶ ለደንበኞቹ ሳፋ ማሠር ጀምሯል፤ ዲሹ ላይ። ኔቱን ይሰበስባል እያለ ነው። በሰፈራችን ጣሪያዎች ላይ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ሳፋ ወደ ሰማይ አንጋጦ ሳይ ደሜ ይፈላል። ሁለት ቤት ገብቼ አስረድቻለሁ። አንደኛው ሰምቶኛል።

ዘንድሮ ሙቀቱ ሊገባ ሲል አጎቴ ጣሳቸውን ይዘው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው መሰላሉ ሥር ቆሙ። እኔ ደጃፍ ላይ ጫማዬን እያሠርኩ ነበር። ስለዚያ ጠዋት ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም፤ እሳቸው ስለ ቀለሙ፣ እኔም ስለ አፌ።

"ከአንቴናው ምን ያህል ልራቅ?" አሉኝ።

ወደ ሥራ ሊወስደኝ የሚገባው ሚኒባስ ጥግ ላይ ጡሩንባውን ይነፋ ነበር። ጫማዬን ፈትቼ፣ ሜትሬን ይዤ፣ ተከትያቸው ወጣሁ።